ካርድ የማያነብ፣ ዘፈን የሚያዘበራርቅ ማጫወቻ፦ ከምን ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ገዛሁ፤ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ብከትባት “ካርድ የለም” ትላለች። የድሮ 16 ጊጋባይት ካርዴን አነበበችው፤ ዘፈኖቹ ግን ቅደም ተከተላቸው ጠፍቷል፣ ግማሾቹም “ያልታወቀ” በሚል ስም ሥር ተከማችተዋል። አንዱ ዘፈን ሲጮህ ቀጣዩ አይሰማም። ማጫወቻዋ ተበላሽታ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅሁበት? ድምፁንስ ለጆሮዬ እንዲስማማ እንዴት ላስተካክለው?»

ምላሽ፦

ማጫወቻዎ ደኅና ትመስላለች። ካርዱ ያልተነበበው በፎርማቱ፣ ማለትም ፋይሎች በሚደራጁበት ሥርዓት፣ ምክንያት ነው። ቅደም ተከተሉ የጠፋው ዘፈኖቹ በተገለበጡበት መንገድ ነው። «ያልታወቀ» የሚለው ፋይሎቹ ውስጥ መረጃ ስላልተጻፈ፣ የድምፁ ከፍ ዝቅ ማለት ደግሞ ዘፈኖቹ ከየቦታው የተሰበሰቡ ስለሆኑ ነው። የአራቱም መፍትሔ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚደክመው የማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ሲዞር ነው፤ እነዚህ ትንንሽ ዕቃዎች ግን የተሰጣቸውን ከማሳየት በቀር የሚያውቁት ነገር የለም። ፋይሉ ላይ ያልተጻፈውን ከየት ያመጡታል?

ስለዚህ ማጫወቻዋን ቻርጅ ላይ ይተዉአትና ወደ ኮምፒውተሩ ይሂዱ። ስለ ቻርጁም ትንሽ ልበል። «መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ይሰካ» የሚባለው ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የተረፈ ምክር ነው፤ የዛሬዎቹ ሊቲየም ባትሪዎች ሲሞሉ ቻርጁ ራሱ ይቆማል። ገመዱን በተመለከተ ከሳጥኑ የወጣውን ይጠቀሙ። ታይፕ-ሲ መሰኪያ ካላቸው ርካሽ ማጫወቻዎች አንዳንዶቹ ውስጣቸው ሊኖሩ የሚገባቸው ሬዚስተር የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ክፍሎች (5.1 ኪሎኦም) ይጎድሏቸዋል፤ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ-ሲ በሆነ ገመድ ሲሰኩ ቻርጀሩ መሣሪያ መሰካቱን ስለማያውቅ ኃይል አይለቅም። «ሞቷል» ተብሎ የተመለሰ ዕቃ በአንድ ጫፉ ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ ባለው ገመድ ሲሰካ የሚነሣው ለዚህ ነው። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ መረጃ የማያስተላልፉ ገመዶችም አሉ። ማጫወቻው ቻርጅ እያደረገ ኮምፒውተሩ ካላየው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው።

ወደ ካርዱ እንምጣ። ከ4 እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ካርዶች ከፋብሪካ የሚወጡት ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ፣ የእርስዎን 64 ጨምሮ፣ በኤክስፋት። ብዙ ትንንሽ ማጫወቻዎች የሚያውቁት ፋት32ን ብቻ ስለሆነ ኤክስፋት ሲገጥማቸው ካርድ እንዳልገባ ይቆጥሩታል። ካርዱን በፋት32 እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው መፍትሔው። በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድመው ኮምፒውተሩ ላይ ይገልብጡት።

ማጫወቻዋ በራሷ ፎርማት ማድረግ ከቻለች ያንን ያስቀድሙ። ካልቻለች፣ ዊንዶውስ በተለመደው የፎርማት መስኮት ላይ ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ካርድ ፋት32 የሚለውን ምርጫ ላያሳይዎት ይችላል። ይህ ዊንዶውስ ያስቀመጠው ገደብ ነው እንጂ ፋት32 ራሱ ከዚያ በላይ ይይዛል። ራፈስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሥራውን ይሠራልዎታል፦ ካርዱን ይምረጡ፣ ማስነሻ እንደማያስፈልገው ይንገሩት፣ ከፋይል አደረጃጀቶቹ ውስጥ ፋት32ን (ወይም «ላርጅ ፋት32» የሚለውን) ይምረጡና ይጀምሩ። በማክ ደግሞ ዲስክ ዩቲሊቲን ከፍተው «ኤምኤስ-ዶስ ፋት» የሚለውን፣ አብሮትም «ማስተር ቡት ሬኮርድ» የሚለውን ይምረጡ። ይህን ሁለተኛውን የዘነጋ ሰው ካርዱ በኮምፒውተር ሲነበብ በማጫወቻው አልነበብ ይለዋል። መጨረሻውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት የመረጡት ካርዱን እንጂ ሌላ ፍላሽ ወይም ዲስክ አለመሆኑን በመጠኑ ያረጋግጡ፤ 64 ጊጋባይት ካርድ ዊንዶውስ ላይ 59 አካባቢ ሆኖ ይታያል።

ካርዱ በጣም ርካሽ ከነበረ ዘፈን ከመጫንዎ በፊት ይፈትኑት። ሐሰተኛ ካርድ እውነተኛ መጠኑ ለምሳሌ 8 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ «64 ነኝ» እንዲል የተደረገ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር በደንብ ይገባል፤ 8ቱ ሲሞላ የሚቀጥለው ጽሑፍ ወይ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል ወይ የቀድሞውን ይደመስሳል። የዘፈኑ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ድምፅ የለውም። ኤች2ቴስትደብልዩ ለዊንዶውስ፣ ኤፍ3 ለማክና ለሊኑክስ፣ ካርዱን ጢም አድርገው ሞልተው መልሰው በማንበብ ውሸቱን ያወጡታል። አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሳምንት ሙሉ ዘፈን ሲያስተካክሉ ከርሞ ማጣት ይብሳል።

ስለ ዘፈኖቹ ዓይነት አጭር ስሌት ልስጥዎ። በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ይይዛል፤ የአራት ደቂቃ ዘፈን 10 ሜጋባይት ገደማ መሆኑ ነው፣ 64 ጊጋባይት ካርድ ላይም ስድስት ሺህ ያህል ይገባል። በሲዲ ጥራት ያለ ፍላክ (ድምፁ ሳይቆረጥ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ብዙውን ጊዜ የዚያን ሁለት ሦስት እጥፍ ቦታ ይወስዳል። ኤምፒ3ን ወደ ፍላክ መቀየር ግን ከንቱ ድካም ነው፦ ፋይሉ ይወፍራል፣ የተቆረጠው ድምፅ አይመለስም። ከኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች «ለኋላ» ብለው ያወረዱት ዘፈን በዚያው አፕ ውስጥ ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ስለሆነ ካርድ ላይ ቢገለበጥም አይከፈትም። ስሙ እየታየ የማይጫወት ፋይል ካጋጠመዎት ደግሞ ማጫወቻዋ የማታውቀው ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ኦፐስ፣ ወይም 24 ቢትና 96 ኪሎሄርትዝ የሆነ ፍላክ ብዙ ጊዜ በርካሾቹ ላይ እምቢ ይላል። ያንን ወደ 16 ቢትና 44.1 ኪሎሄርትዝ ቢቀይሩት ጆሮዎ የሚያጣው ነገር አይኖርም።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ታግ። እያንዳንዱ የሙዚቃ ፋይል በሆዱ ትንሽ መዝገብ ይዟል፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ አልበም፣ የትራክ ቁጥር፣ ዓመት። ማጫወቻዋ ዘፈኖችን በድምፃዊና በአልበም የምትመድበው ይህን እያነበበች እንጂ የፋይሉን ስም አይታ አይደለም። መዝገቡ ባዶ ሲሆን «ያልታወቀ» ትላለች። ኤምፒ3ታግ የሚባለው ፕሮግራም ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። የፋይሉ ስም በሥርዓት የተጻፈ ከሆነ ከስሙ ላይ ራሱ ወስዶ ታጉን ይሞላልዎታል። ሙዚክብሬይንዝ ፒካርድ ደግሞ ዘፈኑን በድምፁ አሻራ ለይቶ መረጃውን ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ያመጣውን ሁሉ ሳያዩ ግን አይቀበሉ፣ የአንዱን አልበም ዘፈን ለሌላው የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ሰዎች የሚስቱት «አልበም አርቲስት» የሚለውን መስመር ነው። 12 ዘፈን ያለው አንድ አልበም ይውሰዱ። ዘጠኙን ድምፃዊቷ ብቻዋን፣ ሦስቱን ከሦስት እንግዶች ጋር ዘፍናቸዋለች፤ በእነዚህ ላይ የድምፃዊ መስመሩ የሁለቱን ስም ይዟል። አልበም አርቲስት ባዶ ከሆነ ማጫወቻዋ አንዱን አልበም አራት አድርጋ ታሳይዎታለች፦ አንዱ ዘጠኝ ዘፈን ያለው፣ ሦስቱ አንድ አንድ ዘፈን ያላቸው። አሥራ ሁለቱንም መርጠው አልበም አርቲስት ላይ የድምፃዊቷን ስም ብቻ ሲጽፉ ተመልሰው አንድ ይሆናሉ። የልዩ ልዩ ድምፃውያን ስብስብ ከሆነ ደግሞ እዚያው ቦታ «ልዩ ልዩ» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት መጻፍ ይበቃል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ለእኛ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ፍጹም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ያው ድምፃዊ በሁለት አጻጻፍ ከገባ ሁለት ሰው ይሆናል። በፊደል ተራ ሲደረደሩም ይራራቃሉ፤ ኮምፒውተር ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው በኀ የጀመረ ስም ከበ እና ከተ በኋላ ወርዶ ያገኙታል። አንድ አጻጻፍ ይምረጡና ለሁሉም እሱን ይጠቀሙ። ከስሙ በኋላ የቀረች አንዲት ክፍት ቦታም ለዓይን ሳትታይ ይህንኑ ታደርጋለች። ሁሉን አስተካክለው የአማርኛው ስም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከታየ፣ ማጫወቻዋ የግዕዝ ፊደል ፎንት የላትም ማለት ነው፤ ከታጉ ጋር ምንም ቢታገሉ አይለወጥም፣ በላቲን ፊደል ከመጻፍ ውጭ አማራጭ የለም። በሳጥን ፈንታ የጥያቄ ምልክት ወይም ትርጉም የሌለው ምልክት ከሆነ ግን ተስፋ አለ። ያ ብዙ ጊዜ የድሮው አይዲ3 ስሪት 1 ታግ ነው፤ ለርዕስ 30 ቦታ ብቻ አለው፣ የግዕዝ ፊደልም አይችልም። በኤምፒ3ታግ አማራጮች ውስጥ ስሪት 1ን እንዲያጠፋ፣ በስሪት 2.3 እና ዩቲኤፍ-16 በሚባለው የፊደል ኮድ እንዲጽፍ አድርገው እንደገና ያስቀምጡ።

ፎልደሮቹን እንዲህ ያዘጋጁ፦ ሙዚቃ፣ በውስጡ የድምፃዊው ስም፣ በውስጡ ዓመቱና የአልበሙ ስም፣ በውስጡ ዘፈኖቹ። የዘፈኖቹ ስም «01 - …»፣ «02 - …» እያለ ይጀምር። «1» ብለው ከጻፉ ብዙ ማጫወቻዎች ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 11ን፣ 2ን ከነሱ በኋላ ያመጡታል። በፋይል ስም ውስጥ ጥያቄ ምልክት (?)፣ ኮከብ (*)፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ ትምህርተ ጥቅስ (") እና እዝባር (/) አያስገቡ፤ ፋት32 አይቀበላቸውም።

ይህን ሁሉ አድርገውም ተራው ተዘበራርቆ ሊቀር ይችላል። ፋት32 ፋይሎችን የሚመዘግበው በገቡበት ተራ ነው፤ ኮምፒውተር ለማሳየት ሲል በፊደል ስለሚደረድራቸው ነገሩ አይታየንም፣ ርካሽ ማጫወቻ ግን መዝገቡን ከላይ ወደ ታች እንዳለ ይከተላል። ብዙ ፎልደር በአንዴ ጎትተው ሲጥሉ ኮምፒውተሩ ባሻው ተራ ሊጽፋቸው ይችላል። እንዲህ የተዘበራረቀውን ፋትሶርት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም መዝገቡን በፊደል ተራ መልሶ በመጻፍ ያስተካክለዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ዘፈን ከጨመሩ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ፕሮግራሙን እንደገና ያስኬዱት።

የአልበም ሽፋን ሥዕል ካማረዎት ጎኑ 500 በ500 ፒክስል የሆነ፣ በተለመደው ጄፔግ የተቀመጠ ይሁን። ኢንተርኔት ላይ በብዛት ያለው፣ ሲከፈት ከብዥታ ወደ ጥራት የሚመጣው «ፕሮግሬሲቭ» የሚባለው ጄፔግ በብዙ ማጫወቻዎች ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ማክ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምር የማይታይ ፋይል ካርዱ ላይ ይቀራል፤ ማጫወቻዋ እሱን እንደ ዘፈን ቆጥራ «አይከፈትም» ትላለች። ሲጨርሱ ካርዱን ነቅለው አይሩጡ። «በደኅና አስወግድ» የሚለውን ሳይጫኑ የነቀሉት ካርድ መጨረሻ የተገለበጡትን ዘፈኖች በከፊል ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ካርዱ ማጫወቻዋ ውስጥ ሲገባ ሴቲንግ ላይ ያለውን «ላይብረሪ አፕዴት» ያስኬዱ። በሺህ የሚቆጠር ዘፈን ሲኖር ደቂቃዎች ይፈጃል። ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ የተበላሸ ፋይል አለ፦ ግማሹን ፎልደር ከካርዱ አውጥተው ይሞክሩ፤ ካለፈ ጥፋተኛው ባወጡት ግማሽ ውስጥ ነው፣ ያንን እንደገና ለሁለት ይክፈሉት። ከ1,000 ዘፈን ውስጥ አንዱን ለማግኘት አሥር ጊዜ ያህል ቢሞክሩ ነው።

የድምፁን መበላለጥ በኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) ለማስተካከል አይሞክሩ። ለዚህ የተሠራው ሪፕሌይጌይን ነው፦ ፉባር2000ን የመሰለ ፕሮግራም እያንዳንዱን ዘፈን አዳምጦ ስንት ዴሲቤል መቀነስ ወይም መጨመር እንዳለበት ታጉ ላይ ይጽፋል፤ ማጫወቻዋ ያንን አንብባ ራሷ ታስተካክላለች። ዘፈኖችን ቀላቅለው የሚሰሙ ከሆነ «ትራክ»፣ አልበም ከዳር እስከ ዳር የሚሰሙ ከሆነ «አልበም» የሚለውን ያብሩ፤ ሁለተኛው በአልበሙ ውስጥ ሆን ተብሎ ዝግ ያለውን ዘፈን ዝግ እንዳለ ይተወዋል። ማጫወቻዋ ሪፕሌይጌይን የማታውቅ ከሆነች ኤምፒ3ጌይን ፋይሉን ራሱን በ1.5 ዴሲቤል እርከን ይቀይረዋል። ይህንን በቅጂው ላይ ያድርጉ፣ ዋናውን አይንኩ።

አሁን ወደ ጆሮዎ። ኢኳላይዘሩን ከመክፈትዎ በፊት የኢርፎኑን ጎማ ይቀያይሩ። በሳጥኑ ውስጥ ሦስት መጠን የሚመጣው ለጌጥ አይደለም፤ ጎማው የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ካልዘጋ ቤዙ ሾልኮ ይወጣል፣ በኢኳላይዘር ቢጨምሩለትም መድፈን አይቻልም። የግራና የቀኝ ጆሮ መጠን ሊለያይ ስለሚችል ሁለት የተለያየ ጎማ መጠቀም አያሳፍርም።

ከዚያ በኋላ ቤዝ አነሰኝ ብለው 60 ሄርትዙን በ6 ዴሲቤል ከፍ አደረጉ እንበል። ከበሮው ደምቆ ሳለ ዘፈኑ ጫፍ ሲደርስ መሰንጠቅ ይጀምራል። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ አብዛኛው የዛሬ ቅጂ ጣሪያው ሥር ተጠግቶ የተሠራ ስለሆነ የጨመሩት 6 ዴሲቤል የሚሄድበት የለውም፣ ሞገዱ አናቱ ይቆረጣል። ፕሪአምፕ የሚባለውን ማንሸራተቻ በዚያው በ6 ዝቅ ያድርጉና ቮልዩሙን በእጅዎ ይጨምሩ፤ መሰንጠቁ ይጠፋል። የተሻለው ግን ከመጨመር መቀነስ ነው። ድምፁ የታፈነ ከመሰለ ከ200 እስከ 400 ሄርትዝ ያለውን 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይቀንሱ። «ስ» እና «ሽ» ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ከ6 እስከ 9 ኪሎሄርትዝ ያለውን። የዘፋኙ ድምፅ ካደከመ ከ2 እስከ 4 ኪሎሄርትዝ ያለውን። አንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይንኩ፤ ከዚያ ኢኳላይዘሩን እያጠፉና እያበሩ በእኩል የድምፅ ከፍታ ያነጻጽሩ፣ ምክንያቱም ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። «ሮክ»፣ «ፖፕ» እያሉ አብረው የሚመጡትን ዝግጁ ምርጫዎች ቢተዉአቸው ይሻላል፤ የሠራቸው ሰው የእርስዎን ኢርፎን አያውቅም።

«ጌይን» የሚል (ለማዳመጫው የሚላከውን ኃይል የሚወስን) ሴቲንግ ካለ ለኢርፎን ዝቅተኛውን ይምረጡ፤ ከፍተኛው እንደ ባለ 300 ኦሙ ብዙ ኃይል ለሚጠይቁ ሄድፎኖች ነው፣ በትንሽ ኢርፎን ላይ ከጀርባ ሹክሹክታ ከመጨመር አልፎ ቮልዩሙን አደገኛ ያደርገዋል። የቮልዩም ጣሪያም ያስቀምጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው መጠን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ስለሚቀንስ 90 ላይ ሲደርስ የሚቀረው በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ነው።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ስክሪኑ በ15 ሰከንድ እንዲጠፋ ያድርጉ፤ ባትሪውን ከሚበሉት ነገሮች ዋናው እሱ ነው። ኪስ ውስጥ እንዳይነካካ ቁልፍ መቆለፊያውን፣ ከቆመበት እንዲቀጥል «ሪዝዩም» የሚለውን ያብሩ። ፕሌይሊስት ኮምፒውተር ላይ ሠርተው ባዶ ሆኖ ከታየዎት፣ ዝርዝሩ ውስጥ የኮምፒውተሩ ድራይቭ ፊደል ተጽፎ ነው፤ ማጫወቻዋ እንዲህ ያለ ድራይቭ የላትም። ፕሌይሊስቱን እዚያው ካርዱ ላይ፣ ከዘፈኖቹ ጋር፣ አንጻራዊ አድራሻ (ያለ ድራይቭ ፊደል፣ ከራሱ ቦታ የሚነሣ) እንዲጠቀምና ኤም3ዩ8 በሚባለው የፕሌይሊስት ፋይል ዓይነት እንዲቀመጥ አድርገው ይሥሩት፤ የአማርኛ ስሞችም አይጠፉም። ብሉቱዝ ሲጠቀሙ ኢኳላይዘሩ እንዳልሠራ ከተሰማዎት ጥርጣሬዎ ልክ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ማጫወቻዎች የሚሠራው በገመድ ብቻ ነው።

የማጫወቻዋን ሲስተም አፕዴት አሁን አይሞክሩ። አምራቹ «ይህን ችግር ፈትቻለሁ» ብሎ የጻፈው የእርስዎን ችግር ካልሆነ አያስፈልግም፤ በመሀል ባትሪ ካለቀ ወይም የሌላ ሞዴል ፋይል ከገባ ዕቃው ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

በፋት32 ፎርማት አድርገውም 64ቱ ካልተነበበ፣ መጀመሪያ ካርዱ ጠቅ እስኪል መግባቱን ይዩ፣ ቀጥሎ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ የካርድ መጠን ያንብቡ። 32 ብቻ የሚል ከሆነ 64ቱን ትቀበል ይሆናል፣ ዋስትና ግን የለም። 64ን እቀበላለሁ የሚል ሆኖ ሌላ አዲስ 64 ካርድም እንዲሁ ካልተነበበ፣ ያኔ ዕቃውን ወደ ሻጩ ይመልሱ።